ብሩስ ማክላረን፤ ጠጋኙም ሞካሪውም ራሱ

ማክላረን ሲባል የመኪና ውድድር ተመልካች ቶሎ ትዝ የሚለው አየርተን ሴና፣ ሚካ ሀኪነን ወይም ሉዊስ ሃሚልተን ነው። ስሙ የቡድን ስም ከመሆኑ በፊት ግን በግራ እግሩ የሚያነክስ የአንድ ኒውዚላንዳዊ መጠሪያ ነበር። ብሩስ ማክላረን ከዘመኑ ሹፌሮች ሁሉ ፈጣኑ አልነበረም። መኪና ምን እንዳመማት ለይቶ በማወቅ ግን የሚስተካከሉት ጥቂት ነበሩ። በኳስ ቋንቋ እናውራ ካልን፣ ተጫዋችም አሰልጣኝም የክለብ ባለቤትም ነበር። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ብሩስ በ1937 ኦክላንድ ከተማ ተወለደ። አባቱ ነዳጅ ማደያና ጋራዥ ስለነበራቸው ልጁ ያደገው በመፍቻና በግራሶ መካከል ነው። በ9 ዓመቱ የዳሌ አጥንት በሽታ ያዘውና ሁለት ዓመት ገደማ ሆስፒታል ተኝቶ አሳለፈ። ሲወጣ ግራ እግሩ ከቀኙ አጥሮ ቀረ። እንደ እኩዮቹ ሜዳ ላይ መሮጥ ስላልሆነለት ልቡ ወደ መኪና አዘነበለ።

ትምህርት ቤት የሆነችው የ1929 ስሪት ኦስቲን 7 ናት። አባትየው ተበታትና ገዟት፣ ገጣጠሟት፣ ነድተው ሞከሯትና ደነገጡ። አደገኛ ናት፣ ትሸጥ አሉ። ልጅ ለምኖ አስቀራት። ከዚያ በኋላ እየፈታ እየገጠመ፣ የሚንኳኳውን ከየት እንደሚንኳኳ እየፈለገ ተማረባት። በ15 ዓመቱ የመጀመሪያውን የዳገት ውድድር ያደረገው በዚህችው መኪና ነው።

በ1958 ለወጣት ሹፌር የሚሰጠውን የአውሮፓ ዕድል አግኝቶ እንግሊዝ ገባና ኩፐር የተባለውን ቡድን ተቀላቀለ። በቀጣዩ ዓመት ዲሴምበር ላይ አሜሪካ ሴብሪንግ በተደረገው ውድድር የቡድን ጓደኛው ጃክ ብራብሃም እየመራ ሳለ በመጨረሻው ዙር ነዳጅ አለቀበት። ብራብሃም መኪናውን እየገፋ ወደ መጨረሻው መስመር ሲያመራ ብሩስ ቀድሞ ገብቶ አሸነፈ። ዕድሜው 22 ዓመት ከ104 ቀን ነበር። የኢንዲያናፖሊስን ውድድር ሳንቆጥር፣ በዚህ ዕድሜ ግራንድ ፕሪ በማሸነፍ የያዘውን ክብረ ወሰን ፈርናንዶ አሎንሶ የሰበረው በ2003 ነው፤ ከ44 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

በ1963 የራሱን ቡድን አቋቋመ። የመጀመሪያው ጋራዥ ለንደን አጠገብ ኒው ሞልደን ውስጥ፣ ከመንገድ መሥሪያ ማሽን ጋር በጋራ የያዙት ቆሻሻ መጋዘን ነበር። ዋናው ታሪክ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ነገሩን በእኛ አገር መንገድ እንየው። ከጉደር ወደ ጌዶ ሲወጣ ሞተሩ የጋለበት የነቀምት መስመር ሹፌር ኮፈኑን ከፍቶ፣ አቀዝቅዞ ውሃ ይጨምራል። ውሃ ብቻ እየጨመረ የሚቀጥል ግን ባኮ ሳይደርስ ደግሞ ሊቆም ይችላል። ነቄው ሹፌር ቺንጊያው ላልቷል ወይስ ቱቦው ያንጠባጥባል ብሎ ይመረምራል። ሙቀቱ ምልክት ነው፤ በሽታው ሌላ ቦታ ነው።

ብሩስም እንዲሁ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ የስፖርት መኪኖቹ አንዷን ሲሞክር ከፊቱ ያለችው የነዳጅ መሙያ ክዳን ብድግ ቁጭ ስትል አየ። ሌላ ሰው ቢሆን ማያያዣው ላልቷል ብሎ አጥብቆት ያልፋል። እሱን ግን አንድ ነገር ከነከነው። መኪናዋ በፍጥነት ስትከንፍ ነፋሱ ክዳኗን ወደ ታች መጫን ነበረበት። ታዲያ ከሥር ምን እያነሳት ነው? መልሱ አየር ነበር። በራዲያተሩ በኩል የሚገባው አየር መውጫ አጥቶ ከቆርቆሮው ሥር ይታፈናል፤ የመኪናዋንም አፍንጫ ወደ ላይ ይገፋል። ብሩስ ወደ መካኒኮቹ ተመለሰና የቆርቆሮ መቀስ አንስቶ ከራዲያተሩ ኋላ ያለውን ቦዲ ቀደደው። ተመልሶ ሲነዳት ሰዓቱ ተሻሻለ። አየሩ ወጣ፣ የፊት ጎማዎቹም አስፋልቱን ቆንጥጠው ያዙ።

በ1966 የለማን 24 ሰዓት ውድድርም ምርመራው ጠቀመው። ከክሪስ አሞን ጋር ፎርድ ሲነዱ ጎማቸው እየተቆራረሰ ደጋግመው ለመቆም ተገደዱ። ብሩስ ጥፋቱን ሞተር ላይ ሳይሆን ጎማው ላይ አየና ከፋየርስቶን ወደ ጉድይር እንዲቀየር አደረገ። ለጎማ ኩባንያ ውል የፈረመ ሹፌር እንዲህ ማድረጉ ቀላል ነገር አልነበረም። መጨረሻ ላይ ሁለት ፎርዶች ጎን ለጎን ሲገቡ፣ ከኋላ ተነስተው የበለጠ ርቀት የሸፈኑት እነ ብሩስ አሸናፊ ተባሉ። ስድስት ዓመት በተከታታይ ለማንን ያሸነፈው ፌራሪ በዚያው ቀን ከዙፋኑ ወረደ።

ከዚያ በኋላ ያለው በአጭሩ ይኸው ነው። በ1968 ቤልጂየም ስፓ ላይ በራሱ ስም በተጠራች መኪና ግራንድ ፕሪ አሸነፈ። በ1969 በሰሜን አሜሪካው የካን አም የስፖርት መኪና ውድድር ቡድኑ 11 ጊዜ ተሰልፎ 11 ጊዜ አሸነፈ፤ ስድስቱን ብሩስ፣ አምስቱን የአገሩ ልጅ ዴኒ ሃልም። ተጋጣሚዎቹን ሁሉ እንደ ረታ ክለብ ቁጠሩት።

ነገር ግን ብሩስ አንድ ልማድ ነበረው። የተጠገነውን፣ የተሻሻለውን ራሱ ይሞክራል። ጁን 2 ቀን 1970 እንግሊዝ ጉድውድ ሜዳ ላይ አዲሷን ኤም 8 ዲ ሊፈትን ወጣ። ቀጥ ባለው መንገድ በሙሉ ፍጥነት ሲበር የኋላው ቦዲ ተገንጥሎ ወጣ። መኪናዋን ወደ መሬት የሚጫናት አየር በአንዴ ጠፋ። ተሽከርክራ ከመንገድ ወጣችና የባንዲራ አውለብላቢዎች መከለያ ግንብ ጋር ተላተመች። ብሩስ እዚያው አረፈ። 32 ዓመቱ ነበር፤ ሚስትና አንዲት ትንሽ ልጅ ትቶ ሄደ። በአንዲት ክዳን ሥር የአየርን ኃይል ያነበበው ሰው፣ በሌላ የቦዲ ቁራጭ ምክንያት በዚያው በአየር ኃይል ተሸነፈ።

ቡድኑ ግን አልተበተነም። ከ12 ቀን በኋላ ካናዳ ሞስፖርት ላይ ዳን ገርኒ በብሩስ ቦታ ገብቶ አሸነፈ። ቀደም ብሎ በእሳት እጁ የተቃጠለው ሃልምም ሕመሙን ችሎ ተወዳደረ፤ የዓመቱንም ዋንጫ ወሰደ። ማክላረን በ1974 የፎርሙላ 1 ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2024 ደግሞ ከ26 ዓመት ጥበቃ በኋላ የቡድኖችን ዋንጫ መልሶ አነሳ።

ብሩስ በፎርሙላ 1 ያሸነፈው አራት ጊዜ ብቻ ነው። ከእሱ በላይ ያሸነፉ ብዙ ሹፌሮች ስማቸው ተረስቷል። የእሱ የቆየው ዋንጫ ስላበዛ አይደለም። መኪና ስትንኳኳ ድምፁን ከማፈን ይልቅ ለምን ብሎ የሚጠይቅ፣ ጠግኖም ሌላውን ሳይሆን ራሱን መጀመሪያ መሪው ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ስለነበር ነው። የከፈለውም ለዚሁ ነው።