ጌም ላይ የምንንቃት ትንሿ ታንክ እና ራስ እምሩ

ዋር ተንደር የምትጫወቱ ልጆች ይህቺን ታንክ ሳታውቋት አትቀሩም። የጣሊያንን መስመር ገና ስትጀምሩ የምትገኘው፣ ቁመቷ ከሰው ደረት የማያልፈው፣ ኤል 3 የምትባለው። ላይዋ ላይ የሚዞር መድፍ የላትም፤ መሳሪያዋ የሚተኩሰው ወደ ፊት ብቻ ነው። ሹፌርና ተኳሽ፣ በቃ ሁለት ሰው። ትልቅ ታንክ ሲመጣባት ወይ ትሸሻለች ወይ ትቃጠላለች። እኛም ቶሎ ጨርሰናት ወደ ቀጣዩ ለማለፍ ነበር የምንቸኩለው፤ ዞር ብለን እንኳን አላየናትም።

አንድ ቀን ታሪኳን ስንፈልግ ግን ደምበጊና የሚል ስም አገኘን። ከጎጃሙ ደምበጫ ጋር እንዳታምታቱት፤ ይሄኛው ሽሬ፣ ትግራይ ውስጥ ነው። ዘመኑ 1928 ዓ.ም። ለካ ይህቺ የምንስቅባት ታንክ እኛው አገር መጥታ እኛው አገር ተማርካለች። የማረካት ጦር አዛዥ ደግሞ ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። ዛሬ የምናወራችሁ ስለ እሳቸው ነው። ስማቸውን ብዙዎቻችን ሰምተናል፣ ህይወታቸውን ግን ስንቶቻችን እናውቃለን?

እምሩ የተወለዱት በ1885 ዓ.ም ሐረርጌ፣ ጉርሱም ነው። አባታቸው ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ አባይነህ ለራስ መኮንን የቅርብ ዘመድ ነበሩ። ስለዚህ ትንሹ እምሩ ያደጉት ሐረር፣ ከራስ መኮንን ልጅ ከተፈሪ ጋር ነው። አዎ፣ ያ ተፈሪ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሆነው ነው። የሁለቱ ልጆች የእድሜ ልዩነት የወራት ብቻ ነበር። አብረው ተጫወቱ፣ አብረው ፊደል ቆጠሩ፣ አዲስ አበባም መጥተው ምኒልክ ትምህርት ቤት አብረው ተማሩ። ተፈሪ ስልጣን እየያዙ ሲሄዱ እምሩም አብረው ከፍ አሉ። ሐረርን አስተዳደሩ፣ ከዚያ ወሎን፣ በ1924 ዓ.ም ራስ ኃይሉ ከጎጃም ሲነሱ ደግሞ ጎጃምን።

ጎጃም ለእሳቸው ቀላል አልነበረም። ህዝቡ የራሱ ገዥ ቤተሰብ ነበረው፤ ከሸዋ የተላከ ሰው በደስታ የሚቀበል አልነበረም። ጦርነቱ ሲመጣ ይህ ቅሬታ ዋጋ አስከፈለ።

በመስከረም 1928 ዓ.ም የሙሶሊኒ ጦር መረብን ተሻገረ። ራስ እምሩ የጎጃምን ጦር ይዘው ወደ ሽሬ ግንባር ዘመቱ። መንገዱ ረጅም፣ ጉዞው በእግርና በበቅሎ። ገና ጠላት ጋ ሳይደርሱ አውሮፕላን ከላይ ቦምብ ያዘንብባቸው ጀመር። አብዛኛው ወታደር አውሮፕላን ሲያይ የመጀመሪያው ነበር። ብዙ ሰው ጥሎ ተመለሰ፤ ከኋላ ጎጃም ውስጥም ደጃዝማች ገሠሠ በለው ሸፈቱ። ራስ እምሩ የቀረውን ይዘው ወደ ተከዜ ቀጠሉ።

ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም ጎህ ሳይቀድ የፊት ጦራቸው ተከዜን ተሻገረ። ማዶ ላይ የነበረው የጣሊያን ኃይል በሻለቃ ክሪኒቲ የሚመራ፣ አንድ ሺህ ገደማ የኤርትራ አስካሪዎችና ዘጠኝ ኤል 3 ታንኮች ያሉት ነበር። ክሪኒቲ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ጀመረ። ማምለጫው ግን በደምበጊና በር በኩል ነው፤ በሩን ደግሞ የፊታውራሪ ሽፈራው ሰዎች ቀድመው ይዘውታል።

እዚህ ጋ ቆም ብላችሁ አስቡት። የእኛ ሰዎች ፀረ ታንክ መድፍ የላቸውም። ያላቸው ጠመንጃ፣ ጥቂት መትረየስ፣ ጎራዴ ነው። ከፊታቸው የቆመው ሦስት ቶን የሚመዝን፣ ጥይት የሚመልስ ብረት ነው፤ ግንባሩ ላይ ሁለት መትረየስ አለው። መጀመሪያ ሰዉ ደነገጠ፣ አፈገፈገ።

ከዚያ ግን አንድ ነገር ተገለጠላቸው። ጌም የምትጫወቱ ወዲያው ይገባችኋል። ታንኳ ወደ ጎን አትተኩስም። ወደ ኋላም አትተኩስም። ውስጥ ያሉት ሁለት ሰዎች የሚያዩት በጠባብ ቀዳዳ ነው። መሬቱ ድንጋይና ገደል ስለሆነ ፍጥነቷ አያገለግላትም፤ ሰንሰለቷ ይወልቃል፣ ትገለበጣለች። ስለዚህ ዞሩባት። ከኋላ መጥተው ላይዋ ላይ ወጡ። ተጠግተው በቀዳዳው ተኮሱ። በጎራዴ የጨረሱትም አሉ። ማታ ላይ ዘጠኙም ታንኮች ወይ ተማርከዋል፣ ወይ ተቃጥለዋል፣ ወይ ተገልብጠው ቀርተዋል። ከክሪኒቲ ጦርም ብዙው እዚያው ወደቀ። የራስ እምሩ ጦር ወደ አክሱም አቅጣጫ ገፋ።

ጌሙ ላይ አንድ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይነሳል፤ የተማረኩ ታንኮች ይጨመሩ ወይስ አይጨመሩ? ተጨምረዋልም። ጀርመኖች ከሶቪየት የማረኩት ኬቪ 1፣ የራሱ መድፍ ወልቆ የጀርመን 75 ሚሊሜትር ተገጥሞለት ዋር ተንደር ላይ አለ። ወርልድ ኦፍ ታንክስ ላይ ደግሞ የእንግሊዝ ቀላል ታንክ ላይ የጀርመን መድፍ የተጫነበት አለ። ያንን የሰራው አልፍሬድ ቤከር የሚባል መሐንዲስ የነበረ የመድፈኛ መኮንን ነው። ቤከር ፈረንሳይ ከወደቀች በኋላ ጥለው የሸሹትን የእንግሊዝና የፈረንሳይ ተሽከርካሪዎች ሰብስቦ፣ ፓሪስ አካባቢ ያሉ ፋብሪካዎችን ይዞ፣ በመቶ የሚቆጠር አዲስ መሳሪያ አወጣ።

ልዩነቱ ይሄ ነው። መማረክ አንድ ነገር ነው፣ የማረኩትን መጠቀም ሌላ። ቤከር ፋብሪካ ነበረው። መካኒክ፣ መለዋወጫ፣ ነዳጅ፣ በባቡር የሚመጣ ጥይት ነበረው። ራስ እምሩ ከዚህ ሁሉ አንዱም አልነበራቸውም። ኢትዮጵያ ከጦርነቱ በፊት የነበሯት ታንኮች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ እነሱም ፊያት 3000 የሚባሉ፣ የሚገርመው ከራሷ ከጣሊያን የመጡ። ሽሬ ተራራ ላይ ታንክ ጠግኖ፣ ነዳጅ ሞልቶ፣ መሳሪያ ቀይሮ ወደ ጦርነት የሚመልስ ጋራዥ የለም። ስለዚህ የደምበጊናዎቹ ታንኮች ጌም ላይ ቢጨመሩ ምን ተደርገው ነው የሚጨመሩት? መሳሪያቸው አልተቀየረም፣ ቀለማቸው አልተቀየረም። የተቀየረው ማን እንዳስቆማቸው ብቻ ነው።

ጌም ላይ ተሸናፊው አዲስ ዙር ይጀምራል። ማርሻል ባዶሊዮ ግን አዲስ ዙር አልጠበቀም፤ መጫወቻውን ቀየረ። ከደምበጊና በኋላ ጥቂት ቀናት ሳይቆዩ የጣሊያን አውሮፕላኖች ተከዜ አካባቢ ከወትሮው የተለየ ነገር ጣሉ። መሬት ሲነካ የሚሰበርና ፈሳሽ የሚረጭ በርሜል። ፈሳሹ የነካው ሰው ቆዳው ይቃጠላል፣ ይቆስላል፣ ዓይኑ ይጠፋል። ወንዙን የጠጣ ይሞታል። የሰናፍጭ ጋዝ ነበር። ጣሊያን ራሷ የፈረመችበት፣ እ.ኤ.አ በ1925 ጄኔቫ ላይ የተደረገው ስምምነት የከለከለው መሳሪያ። ራስ እምሩ ያን ቀን ሰዎቻቸው ሲቃጠሉ ቆመው አይተዋል፤ ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ ግን በአካባቢው ማንም አልነበረም። በኋላ ለዓለም ከደረሱት ምስክርነቶች አንዱ የእሳቸው ነው።

እንደዚያም ሆኖ ሽሬን ወዲያው አልለቀቁም። የመጨረሻው ውጊያ ከየካቲት 21 እስከ 23 ቀን 1928 ዓ.ም ተደረገ። የካቲት 23! ልክ አድዋ በተደረገ በ40 ዓመቱ፣ ከአድዋ ብዙም በማይርቅ ቦታ፣ የራስ እምሩ ጦር በመድፍና በአውሮፕላን ተሸነፈ። ተከዜን ተሻግሮ ሲመለስም ከላይ እሳትና ጋዝ እየዘነበበት ነበር። ብዙ ሳይቆይ ያ ሁሉ ሰራዊት ተበትኖ ራስ እምሩ ከጥቂት ሰው ጋር ቀሩ።

ሚያዝያ 1928 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ስደት ሲሄዱ የልጅነት ጓደኛቸውን እንደራሴ አድርገው ሾሙ። እስቲ አስቡት፣ ዋና ከተማው የተያዘበት፣ ጦሩ ያለቀበት፣ ገንዘብ የሌለበት አገር እንደራሴ። ራስ እምሩ ወደ ኢሉባቦር፣ ጎሬ ወረዱ።

እዚያ አካባቢ ወጣቶች ነበሩ። ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የወጡ ካዴቶች፣ ውጭ አገር የተማሩ ልጆች፣ ብዙዎቹ ዛሬ ይህን ጽሁፍ በምታነቡት በእናንተ እድሜ። ጥቁር አንበሳ የሚል ማህበር አቋቁመው ነበር። ሰኔ 1928 ዓ.ም ነቀምት አጠገብ ቦነያ ላይ ያረፉ የጣሊያን አውሮፕላኖችን አቃጥለዋል፤ የጣሊያን አየር ኃይል ጄኔራል ማልዮኮም እዚያው ሞቷል። ታንክ ከኋላ በጎራዴ፣ አውሮፕላን መሬት ላይ ሲያርፍ ጠብቆ። የደካማ ወገን ጦርነት እንዲህ ነው። ራስ እምሩ የእነዚህን ልጆች መሪነት ተቀበሉ።

ብዙ ግን አልሄደም። ጣሊያኖች ከየአቅጣጫው ከበቧቸው። ታኅሣሥ 1929 ዓ.ም፣ ከደምበጊና ድል ልክ አንድ ዓመት በኋላ፣ ጎጀብ ወንዝ አካባቢ መውጫ ሲያጡ እጅ ሰጡ። ከየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ ጋር ተያይዞ አብረዋቸው ከተያዙት የጥቁር አንበሳ መኮንኖች ብዙዎቹ ተረሸኑ። እሳቸው ወደ ጣሊያን ተጋዙ። ታንክ የማረኩት ሰው አሁን ራሳቸው ምርኮኛ ሆኑ።

የታሰሩት ፖንዛ በምትባል ትንሽ ደሴት፣ ባህር ዳር ያለ ቤት ውስጥ ነበር። ቀጥሎ የሆነውን ስናነብ ድርሰት መስሎን ነበር፤ ግን እውነት ነው። ሐምሌ 1935 ዓ.ም ሙሶሊኒ ከስልጣን ወርዶ በራሱ ንጉሥ ትእዛዝ ተያዘ። የት ወሰዱት መሰላችሁ? ፖንዛ። በየትኛው ቤት? ራስ እምሩ ታስረውበት በነበረው ቤት። ኢትዮጵያን የወረረው ሰው የማረካቸው ሰው ግድግዳ ውስጥ ተቀምጦ ባህር ሲያይ ዋለ። ራስ እምሩ ደግሞ በዚያው ዓመት በአጋር ኃይሎች ነጻ ወጥተው፣ ከሰባት ዓመት ገደማ ግዞት በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያርፍ ነበር። እሳቸው ግን የመጡት ሌላ ሰው ሆነው ነው። መሬታቸውን ለሚያርሱላቸው ጭሰኞች አከፋፈሉ። የንጉሥ ዘመድ፣ ራስ የሚል ማዕረግ ያለው ሰው፣ መሬት የስልጣን ሁሉ ምንጭ በሆነበት ዘመን! መኳንንቱ አልወደዱላቸውም፤ ቀዩ ራስ የሚል ስም ወጣላቸው። ቤተ መንግሥት አካባቢ ብዙ እንዲቆዩ የተፈለገ አይመስለንም፤ በአምባሳደርነት ዋሽንግተን፣ ከዚያ ኒው ዴልሂ፣ በኋላም ሞስኮ ተላኩ።

ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም ደግሞ ሌላ ነገር መጣ (ታኅሣሥ ለእኚህ ሰው ምን አለው እንላለን እኛ)። ጄኔራል መንግሥቱ ነዋይና ወንድማቸው ገርማሜ መፈንቅለ መንግሥት ሲያደርጉ ለጠቅላይ ሚኒስትርነት ያጩት ራስ እምሩን ነበር። ሙከራው በቀናት ውስጥ ከሸፈ። ብዙ ሰው ሞተ፣ ብዙ ሰው ታሰረ። እሳቸውን ግን ንጉሡ አልነኳቸውም። ወጣቶቹ ለውጥ ሲፈልጉ ከመሳፍንቱ መካከል ያመኑት አንድ ሰው እሳቸውን መሆኑ ግን ብዙ ይናገራል። በ1966 ዓ.ም አብዮቱ ሲመጣ ልጃቸው ልጅ ሚካኤል እምሩ ለጥቂት ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ነበር። ደርግ ስንቱን መኳንንት ሲረሽን ራስ እምሩ ቤታቸው ነበሩ፤ ነሐሴ 1972 ዓ.ም ሲያርፉም ያው መኳንንት ጠላቴ ነው የሚለው መንግሥት በክብር ቀበራቸው። ትዝታቸውን የጻፉበት ካየሁት ከማስታውሰው የተባለው መጽሐፍ ከሞቱ ከብዙ ዓመት በኋላ ታትሟል። ካገኛችሁት አንብቡት።

አሁን ወደ ታንኳ እንመለስ። ጌም የሚሰሩት ሰዎች ከሚጨምሯቸው የተማረኩ ታንኮች አንዳንዶቹ አዲስ መድፍ የተገጠመላቸው ናቸው፤ ያ ይገባናል፣ ጨዋታ ነው። ግን ጌሙ የሚቆጥረው ፋብሪካ ያላቸውን ማራኪዎች ብቻ ነው። በጎራዴ የማረከ ሰው በጌም ውስጥ ቦታ የለውም፤ ምክንያቱም የማረከውን ይዞ የሚሄድበት የለም። ደምበጊና ያስተማረን ጀግንነት አልጎደለንም የሚለውን ብቻ አይደለም። የጎደለን ከጀግንነቱ በኋላ የሚመጣው መሆኑን ነው፤ ጋራዡ፣ መካኒኩ፣ ፋብሪካው። ያን ቀን ዘጠኝ ታንክ ያቆሙት ሰዎች አንድ ወርክሾፕ ቢኖራቸው ኖሮ የሽሬ የካቲት ምን ይመስል ነበር? እኛ ይሄ ጥያቄ ነው ከጭንቅላታችን አልወጣ ያለው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ያቺን ትንሿ ታንክ ስትመርጡ ወዲያው አትናቋት። ከኋላዋ ግን ተጠንቀቁ። አያቶቻችን የመጡባት በዚያ በኩል ነው።

ከቤተሰባችሁ የሽሬ ግንባር ታሪክ የሰማችሁ ካላችሁ ጻፉልን፤ እናነባለን።