የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ማን አረቀቀው?

ቦሌና ገርጂ ካፌ ውስጥ ስለ ሕገ መንግሥት ክርክር ሲጦፍ እንሰማለን። የመጀመሪያውን ያረቀቁትን የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን ስም ግን ብዙም አንሰማም። ህንዶች አምቤድካርን እንዲህ አይረሱትም!

በ1876 ዓ.ም. ተወለዱ። በልጅነታቸው ከራስ መኮንን ጋር አድዋ ዘመቱ፤ ከዚያ ሩሲያ ሄደው መድፈኝነት ተማሩ። የመጀመሪያውን የአማርኛ ቲያትርም የጻፉት እሳቸው ናቸው (ታገደባቸው እንጂ)።

የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ሲያረቁ መነሻቸው የጃፓኑ ነበር። 55 አንቀጽ፣ ሁለት ምክር ቤት አለው። ሕዝቡ ግን አይመርጥም፤ ሥልጣኑም ያው የንጉሡ ነው። ለኛ ይሄ ትልቅ ጉድለት ነው። ቢሆንም ምክር ቤት የሚባል ነገር ወዳገራችን የገባው በዚህ ሰነድ ነው።

በ1928 ንጉሡ ከአገር ሲወጡ አጥብቀው ተቃወሙ። ማዳጋስካር ውስጥ ለዓመታት በስደት ቆይተው ተመለሱና ሂርና እርሻቸው ላይ ኖሩ። በ1969 ዓ.ም. አረፉ።