ደመወዝ ያልተቆረጠለት ሥራ፦ የኤሚ ኖተር ሕይወት

በዚህ እትም የአንዲት የሒሳብ ሊቅ ታሪክ ይዘን ቀርበናል። ገንዘብ ስንቆጥር፣ መዝገብ ስንይዝና የዕቁብ ተራ ስናወጣ የምንውል ሴቶች ስለሆንን ታሪኳ ከእኛ ሩቅ አይደለም። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኤሚ ኖተር በ1882 በጀርመን አገር በኤርላንገን ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደች። አባቷ ማክስ ኖተር የዩኒቨርሲቲ የሒሳብ መምህር ነበር። በ1900 በሴቶች ትምህርት ቤት እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ለማስተማር የሚያበቃትን ፈተና አለፈች። የእንጀራዋ ነገር በዚሁ ሊያበቃ ይችል ነበር፤ እሷ ግን ሒሳብን መረጠች። ያን ጊዜ ሴት ዩኒቨርሲቲ ገብታ የምትማረው በየመምህሩ መልካም ፈቃድ ነበር። በኤርላንገን ከ986 ተማሪዎች መካከል ሴቶቹ ሁለት ብቻ ነበሩ። በ1904 ሴቶች በደንብ መመዝገብ ሲፈቀድላቸው ተመዘገበች፤ በ1907 ዶክትሬቷን አገኘች።

ከዚያ በኋላ ግን ከ1908 እስከ 1915 በዚያው ዩኒቨርሲቲ ያለ ምንም ክፍያ ሠራች። አባቷ ሲታመም ክፍሉን የምትሸፍነው እሷ ነበረች። በ1915 ሁለቱ ታላላቅ የሒሳብ ሰዎች፣ ዴቪድ ሂልበርትና ፌሊክስ ክላይን፣ ወደ ጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ጠሯት። እዚያም ሴት መምህር አትሆንም የሚሉ ተነሱባት። ስለዚህ ትምህርቱ በሂልበርት ስም እየተለጠፈ የምታስተምረው እሷ ሆነች። በራሷ ስም ማስተማር የተፈቀደላት በ1919 ነው። በ1922 የፕሮፌሰርነት ማዕረግ ሰጧት፤ ደመወዝ ግን አልነበረውም። ለአልጀብራ ትምህርቷ መጠነኛ ክፍያ የጀመረችው በ1923 ነው፤ ዕድሜዋ 41 ሆኖ ነበር።

በእነዚያ ክፍያ በሌላቸው ዓመታት ምን ሠራች? በ1918 ካወጣቻቸው ሥራዎች አንዱ በፊዚክስ ዓለም ስሟን ያስጠራ ነው። እኛ ግን በዚያው ዘመን የሠራችውን፣ ብዙ የማይነገርለትን ሌላውን በዕቁብ ምሳሌ እንመልከት።

አምስት ሴቶች ዕቁብ ቢጥሉ ተራቸው በ120 ዓይነት መንገድ ሊደረደር ይችላል። ቅደም ተከተሉን ሳናፈርስ ሁሉንም እኩል ወደ ፊት ብንገፋቸው፣ መጨረሻ ያለችውም ዞራ ወደ መጀመሪያ ብትመጣ ግን፣ ያሉን አማራጮች አምስት ብቻ ናቸው፤ ምንም አለመግፋትም አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። አንዱን መግፋት በሌላው ላይ ብንደግም የምናገኘው ከአምስቱ አንዱን ነው። እንዲህ ያለውን በራሱ የተሟላ የለውጦች ስብስብ ሒሳብ ቡድን ይለዋል። እንግሊዛዊው አርተር ኬይሊ በ1854 እንዳመለከተው፣ የአባላቱ ቁጥር የተወሰነ ማንኛውም ቡድን የራሱን አባላት ቦታ እንደ መቀያየር ሊታይ ይችላል። አምስቱ መግፋት በ120ው ውስጥ እንደሚገኙ ሁሉ፣ እሱም በትልቁ የመቀያየር ስብስብ ውስጥ ይገባል።

በ1832 ገና በ20 ዓመቱ የሞተው ፈረንሳዊው ኤቫሪስት ጋልዋ ደግሞ እያንዳንዱ እኩልታ የራሱ ቡድን እንዳለው አሳይቶ ነበር። ለምሳሌ በራሱ ሲባዛ 2 የሚሰጥ ቁጥር ሁለት ነው፤ አንዱ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ኔጌቲቭ። በሙሉ ቁጥሮችና በክፍልፋዮች ብቻ የምንጽፈው እኩልታ ለአንዱ እውነት ከሆነ ለሌላውም እውነት ነው። ስለዚህ ሁለቱን ማቀያየር ይፈቀዳል፤ የሚፈቀዱት መቀያየሮች የእኩልታው ቡድን ይባላሉ።

ኤሚ የያዘችው የዚህን ግልባጭ ነው፦ ቡድኑ አስቀድሞ ቢሰጠን፣ ያ ቡድን ያለውን እኩልታ ማግኘት ይቻላል ወይ? የጠቆመችው መንገድ እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ የቡድኑ አባል አንድ ፊደል እንስጥ፤ ቡድኑ ፊደላቱን ያቀያይራቸው፤ በመደመር፣ በመቀነስ፣ በማባዛትና በማካፈል ከፊደላቱ ከሚሠሩት ውስጥ የማይለወጡትን እንሰብስብ። ፊደላቱ ሁለት ቢሆኑ ድምራቸውና ብዜታቸው አይለወጡም፤ ሌላው የማይለወጥ ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ ይሠራል። በሌሎች ቡድኖችም እንዲሁ የማይለወጡት ሁሉ ከፊደላቱ ጋር በቁጥር እኩል ከሆኑና እርስ በርስ ከማይተሳሰሩ መሠረቶች ከተሠሩ፣ በመሠረቶቹ ቦታ ተስማሚ ተራ ቁጥሮች ሲገቡ የሚፈለገው እኩልታ ይገኛል፤ ይህን የሚያረጋግጠው ሂልበርት በ1892 ያወጣው ውጤት ነው።

መንገዱ ለብዙ ቡድኖች ሠራ። በ1969 ግን ሪቻርድ ስዋን የ47 ሰው ዕቁብ በሚመስለው ቡድን ላይ እንደሚዘጋ አሳየ። ለዚያ ቡድን እኩልታው በሌላ መንገድ ይገኛል። ለሁሉም ቡድን ይገኛል ወይ የሚለው ግን እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም። ደመወዝ ሳይከፈላት የጻፈችው ሥራ ከመቶ ዓመት በኋላም ሊቃውንትን እያሠራ ነው።

ኤሚ በ1932 በዙሪክ በተደረገው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ጉባኤ ላይ ለሙሉ ጉባኤው ንግግር አደረገች። በዓመቱ፣ በ1933፣ የናዚ መንግሥት አይሁድ በመሆኗ ከሥራ አሰናበታት። ወደ አሜሪካ ሄዳ በፔንሲልቬንያ በብሪን ማር የሴቶች ኮሌጅ አስተማረች። ሚያዝያ 14 ቀን 1935 ቀዶ ሕክምና በተደረገላት በቀናት ውስጥ በ53 ዓመቷ አረፈች።

እኛ የሒሳብ ሠራተኞች አንድ ነገር እናውቃለን። በደመወዝ መክፈያ ሊስት ላይ ያልሰፈረ ሥራ በዓመቱ ሒሳብ መዝጊያ ላይ አይታይም። አለመታየቱ ግን ዋጋው ዜሮ ነው ማለት አይደለም። በነፃ መሥራቷን እንደ ጽድቅ ቆጥረን ማመስገንም አይገባንም፤ እሷ የቆየችው የሚደግፋት ቤተሰብ ስለነበራት ነው። እሷን የመሰለ ጭንቅላት ኖሯቸው የሚደግፋቸው ያጡ ስንት ሴቶች ትተውት ሄደው ይሆን?

በማኅበራችንም ገንዘብ ሰብሳቢዋ፣ ቃለ ጉባኤ ያዧ፣ አዲስ አባላትን ደብተር አያያዝ የምታስተምረው ሁሉ ያለ ክፍያ ይሠራሉ። ስለዚህ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን፦ የእያንዳንዷ የሥራ ሰዓት፣ በራሷ ስም፣ በመዝገባችን ይስፈር። ለመክፈል አቅም ባገኘን ቀን ለማን ምን ያህል እንደሚገባ በግልጽ እናውቃለን።