የእንዶድን ኃይል ለዓለም ያስተዋወቁት ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ

ቢልሃርዚያ ለጅማና ለአካባቢዋ እንግዳ በሽታ አይደለም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በከተማዋ ወንዞች ዳር በሚኖሩ ሰዎችና በማና ወረዳ ተማሪዎች ዘንድ መኖሩን በጥናት አረጋግጠዋል። የበሽታው ትል እንቁላል ከዐይነ ምድር ጋር ወደ ውኃ ይገባል፤ የተፈለፈለው እጭ በቀንድ አውጣ ሰውነት ውስጥ ይራባል፤ ከዚያም ወጥቶ የሚዋኘውን፣ ልብስ የሚያጥበውንና ወንዝ የሚሻገረውን ሰው ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። ውሎ አድሮም ጉበትን ይጎዳል። ይህን ሰንሰለት በቀንድ አውጣው በኩል ለመበጠስ ዕድሜያቸውን የሰጡት ኢትዮጵያዊ ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1935 የተወለዱት አክሊሉ በአሜሪካ ተምረው ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ ተቀብለዋል። በ1964 ዓድዋ ላይ በሽታውን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው ተመለከቱ። በአፋን ኦሮሞ አንዶዴ የሚባለው ይህ ተክል ፍሬው ለዘመናት ሳሙና ሆኖ ያገለገለ ነው። አክሊሉ ያስተዋሉትን በሙከራ ፈትነው በ1965 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት አሳተሙት።

በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲም የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሥርተው መሩ። በዓድዋ ከ1969 እስከ 1974 በእንዶድ በተካሄደው የቁጥጥር ሙከራ የበሽታው ስርጭት በጠቅላላው ሕዝብ ከ63 በመቶ ወደ 33 በመቶ፣ በሕፃናት ደግሞ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በበኩላቸው ከልዩ ልዩ አካባቢዎች የእንዶድ ዝርያዎችን ሰብስበው ብርቱ የሆነውን መረጡ።

የአንድ ተመራማሪ ሥራ በሳይንሱ ዓለም የሚመዘነው ሌሎች ምን ያህል ጠቅሰውትና ተመርኩዘውበት እንደሠሩ በማየት ነው። በዚህ ሚዛን የአክሊሉ ሥራ ቀላል አልነበረም። በአሜሪካ የኬሚስትሪ ባለሙያዎች ከእንዶድ ፍሬ ለይተው ያወጡት ቀንድ አውጣ ገዳይ ንጥረ ነገር ለማቶክሲን ተብሎ የአክሊሉን አባት ስም ይዟል።

ይሁን እንጂ መጠቀስ መታመን ማለት አልሆነም። ዓለም አቀፍ ድርጅቶች በአፍሪካ ቤተ ሙከራ የተገኘውን ውጤት ለመቀበል አመነቱ፤ ድሃ አገር ሊሸፍነው የማይችል ወጪ የሚጠይቁ የደኅንነት ምርመራዎችም እንዲደረጉ ጠየቁ። እነዚህ ምርመራዎች እስኪከናወኑ ብዙ ዓመታት አለፉ። አክሊሉ ለአፍሪካ ሳይንስ ትልቁ እንቅፋት ይህ አመኔታ ማጣት መሆኑን ደጋግመው ተናግረዋል።

በ1989 ከዶክተር ለገሠ ጋር፣ አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውስጥም በሳይንስና በሕፃናት ጉዳይ አገልግለዋል። በአሜሪካ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በተደረገ ሙከራም እንዶድ የውኃ ቧንቧ የሚደፍኑ ባለ ዛጎል ፍጥረታትን እንደሚገድል ታወቀ። ዩኒቨርሲቲው በዚህ ላይ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ማስመዝገቡ ግን፣ እንዶድን ጠብቆ ያቆየው ገበሬ ምን ያገኛል የሚል ጥያቄ አስነሣ።

ፕሮፌሰር አክሊሉ በ1997 አረፉ። እንዶድ እርሳቸው በተመኙት ስፋት በሥራ ላይ አልዋለም፤ ዛሬ ቢልሃርዚያን ለመግታት በዋናነት የሚሠራው ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ነው። እንዶድ ዓሣንም ስለሚገድል ያለ ባለሙያ ምክር ወንዝ ውስጥ መጨመር አይገባም። በመጸዳጃ ቤት መጠቀምና ለሕፃናት የሚታደለውን መድኃኒት ማስወሰድ ግን በየቤቱ የሚቻል ነው።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የመሠረቱት ተቋም በስማቸው ይጠራል። ግኝታቸው የተነሣው ግን የዓድዋ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ነው፤ በጓሮው አንዶዴ ያለው የጅማ ገበሬም የዚያው እውቀት ባለቤት ነው።