ቃላትን በየወገናቸው ያሰለፈው ሐኪም፦ ፒተር ማርክ ሮዤ

ስለ ቀደምት የሙያ አባቶቻችን ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚነሡት መድኃኒት ያገኙ ወይም ቀዶ ሕክምናን ያሻሻሉ ሰዎች ናቸው። እኔ ለዘንድሮው መጽሔታችን የመረጥኩት ሐኪም ግን ስሙ የቀረው በመድኃኒት ሳይሆን በቃላት ነው። መቼም ከመካከላችን እንግሊዝኛ ሲጽፍ ቃል ጠፍቶበት ቴሳውረስ ያላገላበጠ፣ አሁን አሁን ደግሞ በኮምፒውተሩ ላይ ተመሳሳይ ቃል ያልፈለገ ያለ አይመስለኝም። የዚያ መጽሐፍ ባለቤት ፒተር ማርክ ሮዤ ዕድሜውን አብዛኛውን በሐኪምነት የኖረ ሰው መሆኑን የሚያውቀው ግን ጥቂቱ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሮዤ በጥር ወር 1779 ለንደን ውስጥ ተወለደ። አባቱ ከጄኔቫ የመጣ፣ ለንደን ላይ ለፈረንሳይኛ ተናጋሪ ፕሮቴስታንቶች የሚያገለግል ፓስተር ነበር። እናቱ ካትሪን ደግሞ የታዋቂው የሕግ ሰው የሳሙኤል ሮሚሊ እኅት ናት። አባትየው በሳንባ ነቀርሳ ሲሞት ልጁ ገና አራት ዓመቱ ነበር። በእናቱ ወገን የአእምሮ ሕመም ነበረ፤ እናቱም በኋለኛው ዕድሜዋ ከዚሁ አላመለጠችም። ሮዤ ነገሮችን መዘርዘርና በየመደባቸው ማስቀመጥ የጀመረው ከልጅነቱ ነው። ታሪኩን የጻፉ ሰዎች ይህን ልማድ ከቤቱ ችግር ጋር ያያይዙታል፤ ውጭው ሲናወጥበት ውስጡን በዝርዝር ያረጋጋ ነበር ይላሉ። እኔ አይቼው ለማላውቅ በሽተኛ ምርመራ አልጽፍም። የዝርዝር ልማዱ ግን ዕድሜ ልኩን እንዳልተወው ሥራው ራሱ ይመሰክራል።

ኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ የገባው በ14 ዓመቱ ነው፤ በ1798፣ በ19 ዓመቱ የሕክምና ዶክተር ሆኖ ወጣ። ኤድንብራ በዚያ ዘመን ዊልያም ከለን የሚባለው ሐኪም አሻራውን የተወባት ከተማ ናት። ከለን በሽታዎችን ሁሉ እንደ ዕፀዋት በክፍል፣ በምድብና በወገን ለይቶ ደርድሮ ነበር። ሮዤ ሲደርስ ከለን በሕይወት አልነበረም፤ ትምህርት ቤቱ ግን ገና በዚያው መንፈስ ይመራ ነበር። አንድን ነገር ለማወቅ መጀመሪያ ወገኑን ማግኘት፣ ቀጥሎ ከወንድሞቹ የሚለይበትን መፈለግ! ይህ የሐኪም አስተሳሰብ በኋላ ወደ ቃላት ተሻግሯል ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

ከምረቃው በኋላ ብሪስቶል ሄዶ ከዶክተር ቶማስ ቤዶስ ዘንድ ሠራ። ቤዶስ የሳንባ በሽታን በጋዝ ለማከም የሚሞክርበት ተቋም ነበረው፤ እዚያም ወጣቱ ሃምፍሪ ዴቪ በሳቅ ጋዝ ላይ ምርምር ያደርግ ነበር። ሮዤም ጋዙን ስቦ የተሰማውን ጻፈ፤ ጽሑፉም በ1800 በታተመው የዴቪ መጽሐፍ ውስጥ ገባ። ከዚህ በፊት ማንም ያልተሰማውን ስሜት በየትኛው ቃል ትጽፈዋለህ? ይህ ጥያቄ ገና በወጣትነቱ ከፊቱ ቆሞ ነበር ማለት ነው።

በ1802 የአንድ የማንቸስተር ባለጸጋን ሁለት ልጆች እያስተማረ አውሮፓን ሊያስጎበኝ ወጣ። በዓመቱ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ጦርነት እንደገና ሲነሣ ናፖሊዮን በግዛቱ ያሉ እንግሊዛውያን ወንዶች እንዲያዙ አዘዘ። ሮዤ ያኔ በፈረንሳይ ሥር በነበረችው ጄኔቫ ላይ ነበር። በአባቱ የጄኔቫ ትውልድ ተወላጅ መሆኑን አስመስክሮ ወረቀት አገኘና ልጆቹን ይዞ ወጣ። አንድ ሰው በሁለት ስም መጠራቱ እንዲህም ነፍስ ያተርፋል።

በ1804 የማንቸስተር ሆስፒታል ሐኪም ሆነ። ለጽሑፎቹ እንዲረዳው ለራሱ ብሎ አንድ የቃላት ዝርዝር ያዘጋጀው በ1805 ነው፤ 15,000 ያህል ቃላት በየሐሳባቸው ተመድበው። አላሳተመውም። ዝርዝሩ ለ50 ዓመት ገደማ በእጁ ብቻ ቆየ።

በ1808 ወደ ለንደን ተመለሰና በሥራ ተዋጠ። ለድሆች በነጻ የሚያክም ክሊኒክ እንዲቋቋም ረድቶ፣ እዚያው ያለ ደመወዝ ለ18 ዓመት አገለገለ። ስላይድ ሩል የተባለው ማስያ የቁጥር ርቢና ዘር እንዲያሰላ አድርጎ አሻሻለውና በ1815 የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆነ። በ1824 ደግሞ የሚሽከረከር የጋሪ ጎማ በአጥር ፍንጭት በኩል ሲታይ ዘንጎቹ ለምን የተጣመሙ እንደሚመስሉ የሚያስረዳ ጥናት አቀረበ፤ የሲኒማን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች እስከ ዛሬ ያነሡታል። ከ1827 እስከ 1848 የሮያል ሶሳይቲ ጸሐፊ ሆኖ ሠራ።

ሐዘኑም ቀላል አልነበረም። በ1818 እንደ አባት ያሳደገው አጎቱ ሳሙኤል ሮሚሊ ሚስቱ በሞተች በቀናት ውስጥ ራሱን በምላጭ አጠፋ። ሮዤ ቤቱ ውስጥ ሆኖ ሲያስታምመው ነበር፤ አልደረሰለትም። በ1824 ያገባት ሚስቱ ሜሪ ደግሞ ሁለት ልጆች ትታለት በ1833 በካንሰር ሞተች። ሐኪም ሆኖ የገዛ ቤተሰብን ማዳን አለመቻል ምን እንደሆነ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ማብራራት አያስፈልገኝም።

ከሶሳይቲው ሥራ ሲለቅ ሰባ ዓመት ሊሞላው ነበር። ሌላው ሰው ጋቢውን ለብሶ ፀሐይ በሚሞቅበት ዕድሜ እሱ ያንን የቆየ ዝርዝር አውጥቶ እንደ አዲስ ጀመረ። መጽሐፉ በ1852፣ በ73 ዓመቱ ታተመ። ቴሳውረስ በግሪክኛ የሀብት ማከማቻ ማለት ነው። የእኛም መዝገብ በግዕዝ የሀብት ማስቀመጫ ነው፤ መዝገበ ቃላት ስንልም የቃላት ግምጃ ቤት ማለታችን ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች አንድ ሐሳብ ላይ ደርሰዋል።

መጽሐፉ የእንግሊዝኛን ቃላት በፊደል ተራ አይደረድርም። በስድስት ታላላቅ ክፍሎች፣ ማለትም በረቂቅ ዝምድና፣ በሕዋ፣ በቁስ፣ በአእምሮ፣ በፈቃድና በስሜት ከፍሎ 1,000 አርእስት ሥር ያሰልፋቸዋል። ተቃራኒ ሐሳቦችንም ጎን ለጎን ያቆማቸዋል። ከሁሉ የሚያስገርመኝ ግን ያልሠራው ነው። ከእሱ በፊት ሄስተር ፒዮዚ በ1794፣ ጆርጅ ክራብ ደግሞ በ1816 ተመሳሳይ የሚመስሉ የእንግሊዝኛ ቃላትን ልዩነት አንድ በአንድ የሚያስረዱ መጻሕፍት አሳትመው ነበር። ሮዤ ይህን ተወው። ቃላቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ምርጫውን ለጸሐፊው ሰጠ፤ ትክክለኛውን ቃል ሲያየው ያውቀዋል ብሎ አመነ።

ይህ ለእኛ ለሐኪሞች አዲስ ነገር አይደለም። የሆድ ሕመም ያለው ሰው ሲመጣ የሚጠረጠሩ በሽታዎችን በዝርዝር እናስቀምጣለን። ዝርዝሩ ግን ምርመራ አይደለም፤ ከዝርዝሩ አንዱን የሚለየው በሽተኛውን በደንብ ያዳመጠ ሰው ነው። የሮዤም መጽሐፍ እንዲሁ ነው። ሳያዳምጡ የሚመርጡበት ተማሪዎች ስሊም በሚለው ቦታ ስኪኒን ይጽፋሉ እንደሚባለው ዓይነት ግርግር ውስጥ ይገባሉ፤ ስሊምና ስኪኒ ሁለቱም ቀጭን ናቸው፣ አንዱ ግን ሙገሳ ሲሆን ሌላው ነቀፌታ ነው።

ከሙያችን ልጨምር። ዲዚዝ ሐኪሙ የሚያገኘው ነው፤ ኢልነስ በሽተኛው የሚኖረው ነው። ደም ግፊቱ ከፍ ብሎ ምንም የማይሰማው ሰው የመጀመሪያው አለበት፣ ሁለተኛው የለበትም፤ ለዚህ ነው ኪኒኑን የሚያቋርጠው። ሳይን እኛ የምናየው፣ ሲምፕተም እሱ የሚነግረን ነው። መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድ በሽተኛ ቀድሞ ኮምፕላያንት ይባል ነበር፤ ታዛዥ እንደማለት ነው። ዛሬ አድሂረንስ የሚለው ቃል የተመረጠው በሽተኛው አብሮ የተስማማበትን ነገር መጠበቁን ስለሚያሳይ ነው። አንድ ቃል ሲቀየር ወንበሮቹም አብረው ተቀየሩ፤ በሽተኛው ከታዛዥነት ወደ ተስማሚነት ከፍ አለ።

አሁን ወደ ራሳችን ዋርድ እንምጣ። የምንማረው በእንግሊዝኛ፣ የምናክመው ግን በሕዝባችን ቋንቋ ነው። በሽተኛዋ ይወጋኛል፣ ይቆርጠኛል፣ ይቆረጥመኛል፣ ይነዝረኛል፣ ይጠዘጥዘኛል፣ ይፈልጠኛል ትላለች። ውጋት ደረትን፣ ቁርጠት አንጀትን፣ ቁርጥማት አጥንትና መገጣጠሚያን፣ መንዘር ነርቭን እንድንጠረጥር ያደርገናል። ስድስቱ ቃላት ስድስት ፍንጭ ናቸው። ካርዱ ላይ ሲደርሱ ግን ሁሉም ፔይን ሆነው ቁጭ ይላሉ። በሽተኛዋ ግማሹን ምርመራ በነጻ ሰጥታን ነበር፤ እኛ ስንተረጉም አፈሰስነው። በሠራሁባቸው ዓመታት ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ነው ራጁም፣ አልትራሳውንዱም፣ የሌለ ገንዘብም የሚመጣው።

ሮዤ በመስከረም 1869 ዌስት ማልቨርን ላይ በ90 ዓመቱ ዐረፈ። መጽሐፉን ልጁ፣ ቀጥሎም የልጅ ልጁ ተረክበው አሳደጉት። አንድ ቤተሰብ ለሦስት ትውልድ ቃላት ሲሰበስብ ኖረ ማለት ነው።

እኛ ደግሞ ከአንድ ቤተሰብ እንበልጣለን። አባሎቻችን ከሐረር እስከ ጎንደር፣ ከጅማ እስከ መቀሌ፣ በውጭ አገርም የአገሩን ልጅ የሚያክሙ አሉ። ለማኅበራችንና ለመምህሮቻችን የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው፦ በሽተኞቻችን ሕመማቸውን የሚናገሩባቸውን ቃላት በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በሌሎቹም ቋንቋዎቻችን እንሰብስብ፤ ለተማሪዎቻችንም የታሪክ አወሳሰድ ትምህርት አካል እናድርገው። ለመጀመር ደብተርና እርሳስ ይበቃል። የሚቀጥለው ዓመት ስብሰባችን ላይ እያንዳንዳችን አሥር አሥር ቃል ይዘን ብንመጣ፣ የራሳችንን መዝገብ ጀመርን ማለት ነው።