አቡነ ማስያስ፦ በሸዋ ምድር ስለ እውነት የቆሙ አባት

ልቼና አንኮበር ሲነሡ አብዛኛውን ጊዜ የምናስበው የሸዋን ነገሥታት ነው። ሆኖም በዚያው ዘመን፥ በዚያው ደጋ ላይ፥ ከ11 ዓመታት በላይ በሐዋርያዊ ሥራ የደከሙ አንድ አባት ነበሩ። እኒህም ጉልዬልሞ ማሳያ፥ በአገራችን ሰዎች አጠራር አቡነ ማስያስ ናቸው። ስለ እርሳቸው በምንጽፈው ሁሉ ዓመተ ምሕረቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ምእመናን እንዲያስተውሉልን እንወዳለን።

አቡነ ማስያስ በ1809 በሰሜን ኢጣልያ፥ በፒየሞንቴ ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለዱ። በ1826 ወደ ካፑቺን ማኅበር ገቡ፤ በ1832 ማዕርገ ክህነት ተቀበሉ። በቶሪኖ ከተማ በአንድ ሆስፒታል የሕሙማን ካህን ሆነው ሲያገለግሉም የሕክምና ዕውቀት ቀሰሙ። በ1846 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛ ለኦሮሞ ሕዝብ ሐዋርያዊ እንደራሴ አድርገው ሾሟቸው። በ1849 ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያዕቆብን በምጽዋ የጵጵስና ማዕርግ የቀቡት እርሳቸው ናቸው። የተላኩበት አገር መንገድ ግን ተዘግቶባቸው ስለ ነበር፥ ጉዱሩ ሊደርሱ የቻሉት ከስድስት ዓመት ድካም በኋላ፥ በ1852፥ የነጋዴ ልብስ ለብሰው በሱዳን በኩል በመጓዝ ነው።

እንዳገሩ ይኖሯል፥ እንደ ወንዙ ይሻገሯል የሚለውን የአበው ምክር አቡነ ማስያስ የናቁት አይደለም። የሕዝቡን ምግብ ተመገቡ፥ አማርኛና ኦሮምኛ ተማሩ፤ በ1867ም ለእነዚህ ሁለት ቋንቋዎች ሰዋስው በፓሪስ አሳተሙ። ፈንጣጣ በተነሣ ጊዜ የማንንም ሃይማኖት ሳይጠይቁ ሕዝቡን ከተቡ። ነገር ግን ይህ ምክር ለልብስና ለማዕድ እንጂ ለእግዚአብሔር ሕግ እንደማይሆን ያውቁ ነበር። ብዙ ሚስት ማግባት የመኳንንት ክብር በነበረበት በከፋ፥ ተክሊል የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ቃል ኪዳን መሆኑን ሳያለዝቡ አስተማሩ። በ1861 ከዚያ አገር ተሰደዱ።

በ1868 ወደ ሸዋ መጡ፤ ንጉሥ ምኒልክም ከደብረ ብርሃን አቅራቢያ በምትገኘው በልቼ በአክብሮት ተቀበሏቸው። አማካሪያቸውም አደረጓቸው። ከአዲስ አበባ መቈርቈር 18 ዓመት ቀድሞ፥ በዚያው ዓመት በፊንፊኔ የሚሲዮን ሥራ ጀመሩ። እንግዲህ በንጉሥ ዘንድ መወደድ ለእውነት አገልጋይ ከስደት ይልቅ የሚከብድ ፈተና ሊሆን እንደሚችል ልብ እንበል። ስደት ሰውን ይጐዳል፤ የቤተ መንግሥት ፍቅር ግን ትምህርቱን በጥቂት በጥቂቱ ሊያለዝብ ይችላል። አቡነ ማስያስ ወዳጅነቱን ተቀበሉ፥ ትምህርታቸውን ግን አልለወጡም።

በ1878 ምኒልክ ለዐፄ ዮሐንስ ገበሩ። በዚያው ዓመት በቦሩ ሜዳ በተደረገው ጉባኤ፥ የመንግሥቱ ሰው ሁሉ አንድ ሃይማኖት እንዲይዝ ተወሰነ። በ1879 አቡነ ማስያስ ወደ ደብረ ታቦር ተጠሩ፤ ከዚያም በሱዳን በኩል ከአገር እንዲወጡ ታዘዘ። ዕድሜያቸው 70 ነበር። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ልዮን 13ኛ በ1884 ካርዲናል አደረጓቸው። የ35 ዓመት የሐዋርያዊ ሥራቸውን ታሪክ በ12 መጻሕፍት ጽፈው፥ ነሐሴ 6 ቀን 1889 ዐረፉ። በ2016 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ የጀግንነት ምግባራቸውን አጽድቀውላቸዋል።

ከዚህ ሕይወት ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፥ እውነት በነገሥታት መፈራረቅ የማትለወጥ መሆኗ ነው። ዛሬ ለሁሉም የየራሱ እውነት አለው የሚል አነጋገር በትምህርት ቤትም በገበያም ይሰማል። ነገሩ ትሕትና ይመስላል፤ ነገር ግን ሁሉ እውነት ከሆነ፥ የተበደለ ድኻ ተበድያለሁ ብሎ በምን ይሟገታል? የተተወችስ ሚስት ቃል ኪዳኔ ፈረሰ ብላ ለማን ታመለክታለች? የማይለወጥ እውነት ከሌለ ፍርዱ የጉልበተኛው ይሆናል።

ሁለተኛው፥ እውነት በግድ የማትጫን መሆኗ ነው። አቡነ ማስያስ ሌሎች ክርስቲያኖችን በሚመለከት የሰጡት ፍርድ በዘመናቸው ልማድ የከረረበት ቦታ አለ፤ እኛ ግን ቤተ ክርስቲያን በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ፥ በ1965፥ የሃይማኖትን ነፃነት እንዳስተማረች እንይዛለን። የእኛ ምእመናን ከኦርቶዶክስ ወንድሞቻችንና ከሙስሊም ጎረቤቶቻችን ጋር በአንድ ዕድር፥ በአንድ ለቅሶ ቤት ይገናኛሉ። ጎረቤትን ማክበር እምነትን መሸሸግ አይደለም፤ እምነትን መመስከርም ጎረቤትን መናቅ አይደለም።

እናንተም መምህራነ ትምህርተ ክርስቶስ፥ ልጆችን ስታስተምሩ ሁለቱን አትለያዩ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ስለ እውነት ብርሃን የጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት ነሐሴ 6 ቀን 1993፥ አቡነ ማስያስ ባረፉበት ዕለት፥ በላቲን ሥርዓት የደብረ ታቦር በዓል በሚከበርበት ቀን ወጣ። በዚያ ተራራ የበራው ብርሃን ማንንም አላስገደደም፤ ስለ ማንም ብሎ ግን አልደበዘዘም። እኛም እንደዚሁ እንድንሆን ጌታ ይርዳን፤ አሜን።