አባ ግሬጎር ሜንዴል፦ አተርን በሒሳብ ያጠኑ መነኩሴ

በመካነ ሰላምና በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ የሚዘራውን አተር ሁላችንም እናውቀዋለን። በዚሁ እህል የዘር ውርስን ሕግ የደረሱበት ካቶሊካዊው መነኩሴ አባ ግሬጎር ሜንዴል ናቸው።

አባ ሜንዴል እ.ኤ.አ. በ1822 ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ በምትባለው አገር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። በ1843 ብርኖ ወደሚገኘው የቅዱስ ቶማስ ገዳም ገብተው፣ በ1847 ማዕረገ ክህነት ተቀበሉ። በ1850 የመምህርነት ፈተና ወደቁ። አበምኔታቸው ግን ተስፋ ሳይቈርጡ ወደ ቪየና ዩኒቨርሲቲ ላኳቸው፤ ከ1851 እስከ 1853ም ፊዚክስ፣ ሒሳብና የዕፅዋት ትምህርት ተከታተሉ።

ከዚያ ተመልሰው በገዳሙ የአትክልት ስፍራ ለዓመታት አተር አዳቀሉ። ክብ ፍሬ ያለውን ከተጨማደደው ጋር ሲያዳቅሉ የመጀመሪያው ትውልድ ሁሉ ክብ ሆነ። በሁለተኛው ትውልድ ግን ከቈጠሩት 7,324 ፍሬ 5,474ቱ ክብ፣ 1,850ው የተጨማደደ ሆኖ ተገኘ፤ ይህም ሦስት ለአንድ ያህል ነው። ጥቂት ፍሬ ብቻ ቢቈጥሩ ኖሮ ሥርዐቱ በአጋጣሚ ተሸፍኖ ሊቀር ይችል ነበር። የስታቲስቲክስ ትምህርት ቁም ነገርም ይኸው ነው፤ በጥቂቱ የማይታየው በብዙው ይገለጣል።

ፈተናውን በ1856 ደግመው ቢሞክሩም አልተሳካላቸውም። በ1866 የታተመው ጥናታቸውም እምብዛም ሰሚ አላገኘም። በ1868 አበምኔት ሆነው ተመረጡ፤ በ1884 ዐረፉ። ሥራቸው ዋጋውን ያገኘው ከሞቱ ከ16 ዓመት በኋላ፣ በ1900 ነው።

እንግዲህ ከደጋው መንደር ወጥተው በዩኒቨርሲቲ ሒሳብና ስታቲስቲክስ የሚማሩ ልጆቻችን በአንድ ፈተና ውጤት ተስፋ እንዳይቈርጡ፣ ወላጆችም የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም ይህን ታሪክ እንንገራቸው። የወደቀውን ተማሪ ደግፎ የሚልክ አበምኔት ባይኖር ኖሮ፣ ያ ሁሉ አተር ሳይቈጠር በቀረ ነበር።